ማን ከማን ጋር ይሰለፋል? የልጆች ኳስ፣ ወዳጅነትና ወሰን በጌዴኦና በአካባቢው

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች በዲላ የተደረገ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ



ዛሬ የምናገረው ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ስለሚጫወቱት ኳስና በዚያ ጨዋታ ስለሚበቅለው ወዳጅነት ነው። በየመድረኩ «ስፖርት ለሰላም»፣ «ስፖርት ለአንድነት» የሚሉ መፈክሮች ተሰቅለው እናያለን። እኔ እነዚህን መፈክሮች በጥርጣሬ ከሚመለከቱት ወገን ነኝ። ኳስ ሰውን ሲያቀራርብ አይቻለሁ፤ ኳስ ሰውን ሲያጋድልም አገራችን አይታለች። አንድ መሣሪያ ሁለት ተቃራኒ ሥራ የሚሠራ ከሆነ የለውጡን ምክንያት ከመሣሪያው ውጭ መፈለግ ይገባናል። በእኔ እምነት ጉዳዩን የሚወስነው ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ማን ከማን ጋር ይሰለፋል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ጥያቄ ማብራሪያ ነው።

ስለ አንድ ቃል አስቀድሜ ልናገር። «ዘር» የምንለው የአማርኛ ቃል ሰፊ ነው፤ የእህሉም፣ የትውልዱም፣ የቆዳ ቀለሙም፣ የብሔሩም መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። «ዘረኛ» ስንል ብዙውን ጊዜ በብሔር የሚያዳላውን ማለታችን ነው፤ ስለ ደቡብ አፍሪካ የቀድሞ አገዛዝ ስንናገርም ይህንኑ ቃል እንጠቀማለን። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥሩት ይችላሉ። ለእኔ ጉዳይ ግን ይጠቅማል፤ በሁለቱም በኩል የምንናገረው ልጁ ሲወለድ ስላልመረጠው፣ ትልልቆች ግን ስለሚመድቡበት መደብ ነውና። ስለዚህ በቀለሙም በብሔሩም ምሳሌ እጠቀማለሁ።

ከሜዳው ልጀምር። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጥታችሁ ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ብትጓዙ፣ ወይም ሽቅብ ወደ ቡሌ ብትወጡ፣ ባዶ መሬት የሚባል ነገር ማግኘት ይቸግራችኋል። ተዳፋቱ ሁሉ ተይዟል፤ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ሌላ ሰብል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህን በመሰለ የእርሻ ጥበብ፣ በጥብቅ ደኖቹና በትክል ድንጋዮቹ ምክንያት ነው። በአንዳንድ ወረዳዎች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ1,000 ሰው በላይ ይኖራል። ስለዚህ ጥበብ ብዙ ተጽፏል። ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ደልዳላ መሬት ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

መልሱ አጭር ነው፤ ትልልቆች ለጋራ ጉዳይ ብለው ከተዉት መሬት ይመጣል። የትምህርት ቤት ግቢ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አለ፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት የሶንጎ መስክ አለ፣ ገበያ በማይውልበት ቀን የገበያው ቦታ አለ። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ሜዳ በተትረፈረፈበት አገር እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሜዳና የራሱ ቡድን ይኖረዋል፤ የአንዱ ሰፈር ልጅ የሌላውን የሚያውቀው በግጥሚያ ቀን ብቻ ይሆናል። እዚህ ግን የአምስትና የስድስት መንደር ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳል። የመሬቱ ጥበት ልጆቹን ያገናኛቸዋል። ዲላ ከተማ ውስጥ ደግሞ የቡና ንግድ የሰበሰበው ሕዝብ አለ፤ ጌዴኦው፣ ጉጂው፣ ሲዳማው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ወላይታው ልጆቹን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይልካል።

እኔም ካደጉት መካከል አንዱ ነኝ። ኳሳችን ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ የተሠራ ነበር፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግን እስካሁን ድረስ በአእምሮዬ የሚመላለስ አንድ ሥርዓት ነበረ፤ ምርጫው። ከሁሉ የተሻሉት ሁለት ተጫዋቾች አምበል ይሆናሉ፤ ሌሎቻችን ፊት ለፊታቸው እንቆማለን፤ እነርሱም ተራ በተራ ይመርጣሉ። አምበሉ የሚያየው እግር ነው። የእኔ ወገን የሚለውን ደካማ ልጅ አስቀድሞ ቢወስድ ጎበዙን ባላጋራው ይወስድበታል፤ በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅጣቱን ያገኛል። ስለዚህ ምርጫው የትኛውንም ምክር ሳይሰማ ቡድኖቹን ይቀላቅላል። ጨዋታው እንዲጣፍጥ ሁለቱ ወገኖች መመጣጠን አለባቸው፤ ለመመጣጠን ደግሞ መቀላቀል ግድ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የተረዳሁት መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። የዚያ ቡድን ዕድሜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ነገ ሌላ ምርጫ አለ። ዛሬ በጠለፋ የጣለኝ ልጅ ነገ ኳስ ያቀብለኛል። ቂም ሥር የሚሰድበት ጊዜ አያገኝም። በመከላከያው መስመር ብዙ ቀን አብሮኝ የተሰለፈው ልጅ ከጉጂ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ እኔ ከጌዴኦ ቤተሰብ ነኝ። ከአፋን ኦሮሞ መጀመሪያ የለመድኋቸው ቃላት እርሱ ከኋላዬ ሲጮህ የሰማኋቸው ናቸው፤ «ኮቱ» ሲል ና ማለቱ ነው፣ «ደበርሲ» ሲል አሳልፍ ማለቱ ነው። ኳስ በሚመጣበት ሰዓት ቃሉን ካልተረዳህ ጎል ይገባብሃልና ትምህርቱ ፈጣን ነው።

ይህን ስናገር የልጆችን ሜዳ ገነት እያደረግሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ልጅ ከቤቱ የሰማውን ስድብ ይዞ ይመጣል። የሸክላ ሠሪ ወይም የቆዳ ፋቂ ልጅ በሚናቅበት አካባቢ ሁሉ ንቀቱ ሜዳም ይደርሳል። እኅቶቻችን ደግሞ በእኔ ዘመን ከምርጫው ሰልፍ ውስጥ ጭራሽ አልነበሩም፤ ውኃና እንጨት ይዘው በሜዳው ዳር ያልፉ ነበር። ዛሬ ጌዴኦ ዲላ የተባለው የሴቶች ቡድን በአገር አቀፉ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ስሙን አስጠርቷል፤ እኔም በዚህ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም በገጠሩ ሜዳ የሴት ልጅ ተራ አሁንም ሲደርስ አይታይም። የምናገረው ስለ ምርጫው አሠራር ነው። አሠራሩ ልጆቹ ካላቸው መልካምነት በላይ የሚሠራ ነው።

የማን ከማን ጋር ጥያቄ በአገራችን የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ከመነሻው ጀምሮ ነበረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ በወጣቶች እጅ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ፤ የሁለተኛው ስም ራሱ የግሪክ ሥር እንዳለው ይናገራል። ያው ዓመት ሳይገባደድ ፋሺስት ኢጣሊያ ዋና ከተማዪቱን ያዘ። ወራሪው መንግሥት የኢጣሊያ ዜጋ ከአገሬው ተወላጅ ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ ከተማውንም የነጭና የጥቁር ሰፈር ብሎ ለመክፈል ተነሣ። ኳሱም ከዚህ አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ከኢጣሊያውያን ተለይተው እርስ በርስ ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ ሜዳው ለሁሉም ተከፈተ። የተሰለፉትን ቡድኖች ስንመለከት ግን የአርመን ማኅበረሰብ ቡድን፣ የግሪክ ቡድን፣ የኢጣሊያውያን ቡድን፣ የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። ክልከላው ቀርቷል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱን ማልያ ለብሶ ሌላውን የሚገጥምበት ነበር። መገናኘት አለ፤ የሚገናኙት ግን በተቃራኒ ወገን ቆመው ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በጥር 1954 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ አነሣች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደ። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበረ። የወራሪው ሕግ እንዲህ ያለውን ትዳር የከለከለ እንደነበረ ስናስብ ነገሩ ይገርማል። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ለአንድ ስትመራ አቻ ያደረገችውን ጎል ያገባው ሉቺያኖ ነው፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያን ወደ መሪነት ያሸጋገረው ኢታሎ ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ጨዋታው አራት ለሁለት ተፈጸመ። ያን ቀን በስታዲየም የነበረ ሕዝብ የቫሳሎን የአባት አገር ሊጠይቅ አልተነሣም፤ በማልያው ያውቀው ነበርና።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸውን ዛሬ የማነሣው በሌላ ምክንያት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከአራቱ መሥራች አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ያቀረበችው ሐሳብ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ልላክ የሚል ነበር። ሌሎቹ የተቀላቀለ ቡድን ካላመጣሽ አትሳተፊም አሏት፤ ውድድሩም በግብፅ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ብቻ ተካሄደ። ይድነቃቸው በዚህ አቋም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸኑ፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም ትግሉን ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች ኳስ እንዳይጫወቱ አልከለከለም፤ ጥቁር ቡድን ነጭ ቡድንን ቢገጥም እንኳ ሊታገሠው ይችል ነበር። ፈጽሞ ሊታገሠው ያልቻለው ነጭና ጥቁር አንድ ማልያ ለብሰው አንዱ ለሌላው ኳስ ሲያቀብል ማየትን ነው። ዘረኞቹ ማን ከማን ጋር ይሰለፋል የሚለውን ጥያቄ ክብደት ከእኛ ቀድመው ተረድተውት ነበር እላለሁ።

ወደ ጥናቶቹ ልሻገር። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የጎርደን አልፖርት ስም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ስለ ጥላቻና ጭፍን ፍረጃ በሚያወሳው መጽሐፉ፣ የተለያዩ ወገኖች ስለተገናኙ ብቻ እንደማይዋደዱ፣ ግንኙነቱ ፍሬ እንዲሰጥ እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የባለ ሥልጣን ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ጽፏል። ለጋራ ግብ ምሳሌ አድርጎ ያነሣውም የስፖርት ቡድንን ነው።

በዚያው ዓመት ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ በኦክላሆማ 22 ወንዶች ልጆችን ወደ አንድ ካምፕ ወሰደ። ልጆቹ የ11 እና የ12 ዓመት ሲሆኑ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በኑሮ ደረጃ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቀድሞም አይተዋወቁም። በሁለት ቡድን ከፈላቸው፤ ከዚያም በቤዝቦል፣ በገመድ ጉተታና በመሰል ጨዋታዎች ለሽልማት አወዳደራቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፤ አንዱ የሌላውን ማደሪያ ወረረ። በአንድ አዳራሽ ምግብ እንዲበሉ ቢደረግ ምግቡን ተወራወሩበት። ጠቡ የበረደው ሁለቱንም የሚነካ ችግር ሲመጣ ነው፤ ውኃ ሲቋረጥ አብረው ፈለጉ፤ መኪና አልነሣ ሲል አብረው ጎተቱ። የጎተቱበት ገመድ ቀደም ሲል እርስ በርስ ይጓተቱበት የነበረው ያው ገመድ ነው። ከዚህ ጥናት እኔ የምወስደው አስፈሪ የሆነውን ክፍል ነው። በእነዚህ ልጆች መካከል አንዳችም የዘር ልዩነት አልነበረም፤ ጠላትነቱን ከምንም ያበቀለው የውድድሩ አደረጃጀት ራሱ ነው።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ጉዳዩን በእውነተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ፈትነውታል። ማቲው ሎው በሰሜን ህንድ 1,261 ወጣቶችን መልምሎ ከፊሎቹን በዕጣ በክሪኬት ውድድር አሰለፈ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ቆዩ። አንዳንዱ ቡድን ከአንድ የዘር መደብ ብቻ፣ ሌላው ከተለያዩ መደቦች በዕጣ የተዋቀረ ነበር። ከሌላው መደብ ልጅ ጋር በአንድ ቡድን የተጫወቱት በመደብ የማይወሰን ወዳጅነት አበዙ፣ ለራሳቸው ወገን ማዳላትም ቀነሱ። ሌላውን መደብ በተቃራኒ ወገን ሆነው የገጠሙት ግን ባጠቃላይ ከዚያ ወገን ጋር ያላቸው ግንኙነት ጭራሽ ቀነሰ። ጨዋታው ያው ነው፤ ሜዳውም ያው ነው።

ሁለተኛው የሳልማ ሙሳ ጥናት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ቦታው ሰሜን ኢራቅ ነው፤ ተጫዋቾቹ አይሲስ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ክርስቲያን ወጣቶች ናቸው። ለእግር ኳስ ቡድኖቻቸው ተጨማሪ ተጫዋቾች ተሰጧቸው፤ ለአንዳንዶቹ ክርስቲያኖች፣ ለሌሎቹ ሙስሊሞች፣ ይህም በዕጣ። ሙስሊም ጓደኛ ያገኙት ወጣቶች ከወራት በኋላ ከሙስሊሞች ጋር ሲለማመዱ ተገኙ፤ በሚቀጥለው ዙርም ለተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ ፈቀዱ፤ ከሌላ ቡድን የመጣን ሙስሊም ለጨዋነት ሽልማት መረጡ። ነገር ግን ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት መግባት ወይም የተቀላቀለ ድግስ ላይ መገኘት ሲመጣ ለውጡ አልታየም። በሜዳው የተወለደው መተማመን በሜዳው ዙሪያ ቀረ።

ይህ ውጤት ለእኔ ከወረቀት በላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ቤታችን ልመለስ።

ጌዴኦና ጉጂ ባዕዳን አይደሉም። የቃል ትውፊታችን ደራሶንና ጉጆን ወንድማማቾች ይላቸዋል። አንዱ በእንሰትና በቡና፣ ሌላው በከብት ሲተዳደር ኖሯል፤ አንዱ የሌላውን ቅቤና ቆጮ በአንድ ገበያ ገዝቷል። የሰው ደም ሲፈስ ጎንዶሮ የሚባል የእርቅና የማንጻት ሥርዓት አለ። ብዙ የጌዴኦ ቤተሰቦች ዛሬ ምዕራብ ጉጂ በሚባለው ዞን፣ በቀርጫና በአካባቢው፣ ለትውልዶች ቡና ሲያለሙ ኖረዋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አስተዳደሩ በቋንቋ ሲከለል ግን ወሰኑ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. ደም አፈሰሰ። ከሁሉ የከፋው በ2010 ዓ.ም. መጣ። በሚያዝያ የተጀመረው ጥቃት በሰኔ እንደገና ሲያገረሽ፣ በሐምሌ ወር በጌዴኦ ዞን ብቻ የተጠለለው ተፈናቃይ ከ800,000 በልጦ ነበር፤ በምዕራብ ጉጂም ከ140,000 በላይ ሰው ተፈናቅሏል። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ያላለቁ ሕንፃዎች መጠለያ ሆኑ። ቀደም ብዬ የዘረዘርኋቸው እነዚያ ጥቂት ደልዳላ ቦታዎች፣ የልጆቹ ሜዳዎች፣ ሰው አደረባቸው።

በአንድ ሜዳ አብረው ያደጉ ሰዎች በዚያ ሕዝብ ውስጥ አልነበሩምን? ነበሩ። ከእኔ ጋር ይሰለፍ የነበረው ጓደኛዬም ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጉጂ በኩል ሄዶ ነበር፤ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። በዚያ ሰኔ ስልኩ ለሳምንታት አልተነሣም። ቆይቶ ደወለ፤ ደኅንነቴን ጠየቀ፤ ደኅንነቱን ጠየቅሁ፤ ስለ ልጆቻችን ተነጋገርን። ስለ ሆነው ነገር ግን እርሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ወዳጅነታችን አልተበጠሰም፤ ከሁለታችንም አላለፈም። ሳልማ ሙሳ በሞሱል ምግብ ቤት የለካችውን ነገር እኔ በስልክ ሰምቼዋለሁ።

ታዲያ የልጅነት ኳስ ከሁለት ሰዎች አልፎ ለምን አልተስፋፋም? አንዱ ምክንያት፣ ልጁ ሲያድግ በጨርቅ ኳስ የነበረውን ምርጫ መዋቅር ስለሚተካው ነው። የትምህርት ቤት ውድድር በመዋቅር ይካሄዳል፤ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፣ ወረዳ ከወረዳ፣ ዞን ከዞን፣ ክልል ከክልል። የገደብን ልጅና የቀርጫን ልጅ ውሰዱ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ወሰን ግን የክልል ወሰን ነው። አንዱ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሌላው የኦሮሚያ ክልል ልጅ ነው። በመዋቅሩ መሠረት እነዚህ ልጆች በሕጋዊ ውድድር የሚገናኙት ሁለቱም ክልላቸውን ወክለው ለአገር አቀፍ ጨዋታ ከበቁ ብቻ ነው፤ ያኔም በሁለት ማልያ። ክፍል ውስጥም አይገናኙም፤ አንዱ በጌዴኦ ቋንቋ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩን እደግፋለሁ፤ ይህን መብት ለማግኘት ብዙ ዋጋ ተከፍሏል። ነገር ግን ክፍሉ ሲለያይ ሜዳውም አብሮ መለያየት ነበረበት ብዬ አላምንም።

ይህ አደረጃጀት ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚያመጣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ አይተናል፤ የወልዲያና የመቀሌ ክለቦች ጨዋታ ሰበብ ሆኖ ሰው ሞተ፤ በኋላም የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ እስከመደረግ ተደረሰ። ሜዳው ገለልተኛ ሲሆን ማልያው ገለልተኛ አልሆነም።

ስለዚህ በግጭት ማግስት የሚዘጋጀውን የተለመደውን የሰላም ጨዋታ በግልጽ እቃወማለሁ። የአንዱ ብሔር ወጣቶች ቡድን የሌላውን ብሔር ወጣቶች ቡድን ይገጥማል፤ ዋንጫ ይሰጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሁሉም በመጣበት መኪና ይመለሳል። አሳቡ ቅን ነው፤ አሠራሩ ግን የሸሪፍን ካምፕ በትንሹ ደግሞ ማካሄድ ነው። ሎው በክሪኬት ሜዳ ያገኘው ውጤትም ከዚህ የተሻለ ነገር እንድንጠብቅ አያደርገንም።

በእሱ ፋንታ የምመኘው ጥቃቅን ነገር ነው። ከወሰኑ ከዚህና ከዚያ ያሉ ዕድሜያቸው ከአሥር እስከ አሥራ አራት የሆኑ ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በአንድ የገበያ ቦታ ይሰበሰቡ። ቡድኑ በዕጣ ወይም በእኛ በልጅነታችን ዘዴ፣ በአምበሎች ምርጫ፣ ይዋቀር። የብሔርም የወረዳም ስም በማልያው ላይ አይጻፍ። በአንድ ቀን አይለቅ፤ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይቆይ። ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ አብረው ይብሉ፤ ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ከሌላው ወላጅ ጋር መቀመጡ አይቀርም፤ ከሜዳው ውጭ ያለው ነገር የሚጀመረው እዚያ ነው ብዬ አስባለሁ። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች የተግባር ልምምዳችሁን በዚህ ልታደርጉ ትችላላችሁ፤ የሥነ ልቡናና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ደግሞ ውጤቱን ለኩ። በመጠይቅ «ሌላውን ወገን ትወደዋለህ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም እወደዋለሁ ይላችኋል። ከስድስት ወር በኋላ ሄዳችሁ ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው አብረው ይጫወቱ እንደሆነ፣ አንዱ የሌላውን ቤት ያውቅ እንደሆነ ተመልከቱ።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ትክክል ነው፤ የሁለቱም ወገን አባቶች ሳይስማሙና ሳይገኙ አንድ ልጅ እንኳ ከቤቱ መውጣት የለበትም። ጎንዶሮን የሚያስፈጽሙት አባቶች ለዚህም ይጠሩ። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ለኳስና ለመጓጓዣ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን የሰላም ጉባኤ ከሚወጣው እንደማይበልጥ እገምታለሁ። ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ብዙ አልጨነቅም። «ጎል»፣ «ኮርና»፣ «ፋውል» በሁለቱም ወገን ያው ናቸው፤ የቀረውን ልጆቹ በአንድ ሳምንት ይማማራሉ።

አንድ ነገር ግን እኔም አልወሰንሁበትም። በእኛ ጊዜ ዳኛ አልነበረም፤ ጥፋት ሲፈጠር ተከራክረን፣ ተኮራርፈን፣ ራሳችን እንፈታው ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ዳኛ ይሹም ቢባል፣ ከጌዴኦ ይሁን፣ ከጉጂ ይሁን፣ ከሦስተኛ ወገን ይሁን፣ ወይስ ከነጭራሹ ዳኛ አይኑር? ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ያደጉ ሰዎች እንዳሉ አያለሁ። ውይይቱን በዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።